የእማማ ጨዋታ ቴሌቪዥን

ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ቆንጥጦ ሲያወራ ነበር የሰሙት። "አዎ፣ ውስጠኛው ክፍል ነው፤ ሳሎን አይደለም። የጆሮ ማዳመጫም ይዘህ ና፣ ሽቦው ረዘም ያለ ይሁን። ለእናቴ ነው። ከሰዓት በኋላ እንግዳ አለብኝ፤ እሷ እዚያው እያየች እንድትቆይልኝ ፈልጌ ነው። እንግዳ ስታይ አያስችላትም፣ ገባህ አይደል?" ቴሌቪዥኑን ሊሰቅል የሚመጣው ባለሙያ ከወዲያ ምን እንዳለው እንጃ፣ ልጃቸው ሳቅ አለ። እማማ ጨዋታ የግፊት ኪኒናቸውን የሚውጡበትን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ከወጥ ቤት እየተመለሱ ነበርና ባሉበት ቆሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን የእሳቸው ጆሮ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ደግሞ ጉራቸው ነው። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ቤት ከገባ ጀምሮ ያልነገሩት ሰው የለም፤ ለባለ ሱቋ፣ ለጥበቃው፣ ታች ቤት ላለችው ልብስ ሰፊ፣ ደረጃ ላይ ላገኟቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከነማያውቋቸው ጭምር። "ልጄ ለኔ ብቻ የሚሆን ቴሌቪዥን ገዛልኝ! እማዬ ዓይኗ እንዳይደክም ብሎ ትልቁን!" ዋጋውን ልጃቸው አልነገራቸውም፤ እሳቸው ግን አንድ ዋጋ ከራሳቸው አውጥተው ተናገሩ፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ትንሽ ጨመሩበት። ባለ ሱቋ "ታድለው! ከኔ ልጅ እንኳን ቴሌቪዥን ስልክም አላገኘሁም" ስትላቸው አንጀታቸው ቅቤ ጠጥቶ ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሕንጻው ውስጥ ያሉት ሰዎች "እማማ ጨዋታ" ብለው ያወጡላቸውም በዚሁ በአፋቸው ምክንያት ነው፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ኪኒናቸውን ሳይውጡ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ልጃቸው ቀና ብሎ አያቸውና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"እማዬ፣ ባለሙያው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ይሰቀልልሻል።"

"እንግዳም አለ መሰለኝ።"

"አዎ፣ ያው አለቃዬ ናቸው። ብዙም አይቆዩም።"

"ያቺን የቀሚሱን ወሬ ዳግመኛ አላነሳም። አፌን ይዤ ነው የምቀመጠው።"

"ኧረ እማዬ፣ እሱን ማን አነሳ? አንቺ እንድታርፊ ብዬ ነው እኮ።" ጉንጫቸውን ሳማቸውና ኬክ ሊያመጣ ወጣ። ከሳማቸው ብዙ ጊዜው ነበር።

የቀሚሱ ወሬ ማለት እንዲህ ነው። አለቃው ባለፈው ሲመጡ ሳሎኑ ዝም ጭጭ ብሎ፣ ሰዉ ሁሉ የሻይ ማንኪያ ሲያዞር፣ እማማ ጨዋታ ዝምታው ጨነቃቸውና ልጃቸው በሕፃንነቱ ያደረገውን አነሱ። ያለችው አንድ ሱሪ ታጥባ አልደረቀችም፤ ቀኑ ደግሞ የፈተና ነው። የእህቱን ቀሚስ አጥልቆ ሄደ። መምህሩ "አዲስ ተማሪ ነሽ?" ቢለው በድንጋጤ "አዎ" አለ። ተፈተነ። ከሴቶች አንደኛ ወጣ። ሽልማቱን ግን እህቱ ቀማችው፤ ቀሚሱ የኔ ነው ብላ። አለቃው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ልጃቸው ግን አልሳቀም፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላም ሁለት ቀን በቅጡ አላናገራቸውም። እሳቸውም ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ራሳቸውን ሲረግሙ ሰንብተው "ይቅር በለኝ ልጄ፣ አዋረድኩህ" አሉት። "ምንም አይደል" አለ። በሳምንቱ ካርቶኑ መጣ።

ባለሙያው ጠይም፣ ረጅም፣ የመሣሪያ ሣጥኑን በጀርባው ያንጠለጠለ ሰው ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ አንደኛው ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበርና እሱን ለመደበቅ ጣቱን እያጠፈ ነው የተራመደው። እማማ ጨዋታ ይህን አዩና ወደዱት፤ የሚያፍር ሰው ደስ ይላቸዋል። ምራታቸው የሳሎኑን ጠረጴዛ እየወለወለች "በዚህ በኩል ነው፣ እባክህ ቶሎ በልልን" አለችው። የውስጠኛው ክፍል ድሮ የሳሎኑ አንድ ጥግ ነበር፤ እሳቸው እዚህ ሊኖሩ ሲመጡ ነው ልጃቸው በስስ ጣውላ፣ በኮምፔንሳቶ ያስከፈለላቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሣጥን፣ አንድ ወንበርና የጎረቤት ልብስ የሚታይበት መስኮት አለው። ባለሙያው ግድግዳውን በጣቱ አጥንት እየቆረቆረ ዞረ። በመስኮቱ በኩል ቦታ የለም። ከአልጋው ራስጌ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ጥሩ ነው፤ ግን እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሊያዩ ነው? ሦስተኛውን ቁምሣጥኑ ይዞታል። የቀረው ከሳሎኑ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። ቆረቆረው፤ ከበሮ ሆነ።

"ይሄ የብሎን ፕላስቲክ፣ ፊሸር አይዝም" አለ ወደ ምራታቸው ዞሮ። "ብሎኑ ከዚህ ገብቶ በሳሎኑ በኩል መውጣት አለበት። በዚያ በኩል በዳዶ አጠብቀዋለሁ።"

"ሳሎኔ ላይ ብረት ሊወጣ?"

"አራት ብቻ ነው።"

"አራት ብቻ!" ምራታቸው ለልጃቸው ደወለች፤ ከሱ ጋር ተንሾካሾከች፤ ስልኩን ዘጋችና ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። "ይሁን። ሥዕል እሰቅልበታለሁ።"

እማማ ጨዋታ ቢፈልጉ ኖሮ እዚያው ላይ ነገሩን ያበላሹት ነበር። አይሰቀልልኝ፣ ይመለስ፣ ሰምቻለሁ ማለት ይችሉ ነበር። ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣ። ግን ምን ብለው ይጀምሩታል? የልጅ ስጦታ የምትመልስ እናት የት ታየች? ደግሞስ ባለ ሱቋ "ሰቀሉልዎት ወይ?" ብላ ስትጠይቅ ምን ሊሉ ነው? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ቁምሣጥኑን ከፍተው መልሰው ዘጉ፣ ደግመው ተቀመጡ።

"ማዘር፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡት የት ነው?" አለ ባለሙያው እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያነሳ። "በዓይንዎ ልክ ነው የምሰቅለው። አንገትዎን እንዳያምዎት።"

"እኔማ ሁልጊዜ የምቀመጠው ሳሎን ነበር።"

ባለሙያው አላያቸውም። ሜትሩን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ። ጠዋት ስልኩ ውስጥ የነበረው እሱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እማማ ጨዋታ ሰውየው መጨነቁን ሲያዩ አዘኑለትና ወንበራቸውን ስበው ግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። "በል፣ ልክ ነኝ ወይ? ቁመቴ እንደሆነ አጭር ነው፤ ወለሉ ላይ እንዳትሰቅለው ብቻ።" ሳቀ። በእርሳሱ ምልክት አደረገ፣ ውሃ ልኩን አስደግፎ አረፋዋ መሀል እስክትቆም ጠበቀ፣ መሰርሰር ጀመረ። አቧራው አልጋ ልብሱ ላይ፣ ቁምሣጥኑ ላይ፣ ሽበታቸው ላይ አረፈ። ምራታቸው በሩ ላይ ብቅ አለችና ዓይኗን ጨፍና ተመለሰች።

"እናት አለህ?" አሉት መሰርሰሪያው ሲያርፍ።

"አለችኝ።"

"ቴሌቪዥኗን ሰቅለህላታል?"

"የሷማ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስንት ጊዜ 'መቼ ነው የምትሰቅልልኝ' ብላኛለች።"

"ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል አሉ።" ከዚያ አላስቻላቸውም። ሌላ ወሬ ሊያወሩት ፈልገው ነበር፤ የወጣው ግን ያ የቀሚሱ ነው። ባለሙያው እህቱ ሽልማቱን ከቀማችበት ቦታ ሲደርሱ መሰርሰሪያውን መሬት አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ከሳሎኑ ምራታቸው "እማማ፣ ሰውየውን ሥራ አያስፈቱት!" አለች፤ ድምጿ ያላንዳች ግድግዳ፣ ልክ አጠገባቸው እንደቆመች ነበር የተሰማው። ባለሙያው ሳቁን አቆመ። ወደ ሳሎን ወጣና ከወዲያ ሆኖ፣ ጮክ ሳይል "ማዘር፣ ይሰማል?" አለ።

"ትንፋሽህ ሳይቀር።"

"እመቤት፣ ይሄ ግድግዳ መጋረጃ ነው" ሲል ሰሙት ለምራታቸው። "ድምፅ ያሳልፋል።"

"አውቃለሁ። ለዚህ አይደል ማዳመጫ ያስመጣንህ?"

ድምፅ ከዚህ ወደዚያ ብቻ ሳይሆን ከዚያም ወደዚህ እንደሚሄድ፣ የተማረችው ምራታቸውም፣ የተማረው ልጃቸውም አላሰቡትም። ባለሙያው አስቦት ይሆናል፤ ግን የሰው ቤት ነው፣ ምን አገባው። ብሎኖቹን አስገብቶ በወዲያ በኩል አጠበቀ። ምራታቸው የባሕርና የጀልባ ሥዕል አምጥታ ከነዳዶአቸው ሸፈነቻቸው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ሲበራ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆነ፤ የእማማ ጨዋታ አሮጌ አልጋ እንኳ አዲስ መሰለ። ደስ እንዳይላቸው ታገሉ፤ ትንሽ ደስ አላቸው። ባለሙያው ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ሽቦውን በቴሌቪዥኑ ጎን ሰካው። "ሽቦውን ካልነቀሉት በስተቀር ከርስዎ ሌላ ማንም አይሰማም" አለ። "ከተነቀለ ግን ሳሎኑ ይናወጣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ጆሮዎ ደከም ያለ መስሎኝ።"

"ጆሮዬስ ደህና ነው።"

"አይቻለሁ" አለ። መሣሪያዎቹን ሰብስቦ አቧራውን በራሱ ጨርቅ ጠረገ፤ ሲወጣም ጣቱን እያጠፈ ነበር። "ዛሬ የናቴን እሰቅላለሁ" አላቸው በሩ ላይ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልገፋ አላቸው። ልጃቸው ኬኩን ይዞ መጣ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ "ዋው" አለ፣ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳርፎ ትንሽ አብሯቸው አየና ሄደ። ምሳቸውን ምራታቸው እዚያው አመጣችላቸው፤ ከዚያ በፊት ክፍላቸው ውስጥ ምሳ በልተው አያውቁም። ጣቢያ ቀየሩ። አንዱ ላይ ሰዎች ይሮጣሉ፣ አንዱ ላይ ሰዎች ያለቅሳሉ፣ አንዱ ላይ አንዲት ሴት ሽንኩርት ትከትፋለች። ማዳመጫው ጆሯቸውን አላበው። ለሴትዮዋ "ቀስ በይ፣ ጣትሽን!" አሏት፤ ሴትዮዋ አልመለሰችላቸውም። ሰው ሲያወሩት የማይመልስ ከሆነ ምን ያደርጋል? መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ የጎረቤት አንሶላ አዩ፣ ተመለሱ። መጸዳጃ ቤት መሄድ ቢፈልጉም እንግዶቹ ሳይመጡ ደጋግመው ቢወጡ ምራታቸው በዓይኗ ስለምትከተላቸው ቆይ አሉ። ቆይ ባሉበት ደወሉ ተደወለ።

ልጃቸው በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ መሆኑን አየ፣ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አሳያቸው፣ ፈገግ አለ፣ በሩን ዘጋ። እማማ ጨዋታ ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ክፉ አስበው አልነበረም። የእንግዳ ድምፅ መስማት ብቻ ነበር ያማራቸው።

አለቃው ገቡ፤ ያ ወፍራም ሳቃቸው መጀመሪያ ገባ። አብራቸው አንዲት ሴት አለች፣ ሚስታቸው ናት። ወንበር ተሳበ፣ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ የባሕሩ ሥዕል "እንዴት ያምራል" ተባለ፣ ኬክ ተቆረሰ። ማንኪያ መዞር ጀመረ። ያ ዝምታ መጣ፤ እማማ ጨዋታ ግድግዳውን ተሻግሮ ሲያስጨንቃቸው ታወቃቸው። ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። አንድ ቃል ቢጥሉላቸው ይበቃ ነበር።

"እናትህስ?" አሉ አለቃው። "ዛሬ እኮ ባለቤቴን ያመጣኋት እሳቸውን እንድታይ ነው። ቤት ገብቼ ያቺን የቀሚሱን ነገር ብነግራት አላመነችኝም።"

የማንኪያው ድምፅ ቆመ። እማማ ጨዋታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ እጃቸው ሳያውቁት ፀጉራቸውን አስተካከለ። አሁን ሊጠሩ ነው። ይነሱ ወይስ እስኪጠሩ ይጠብቁ? ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ።

"እህቴ ጋ ሄዳለች" አለ ልጃቸው። "ትንሽ ሰንበት ትላለች።"

"ከሄዱ ሳምንት አልፏቸዋል" አለች ምራታቸው ቶሎ ብላ።

"አይ! ሳናገኛቸው ቀረን በይ" አሉ አለቃው ለሚስታቸው፤ ከልባቸው ነበር ያዘኑት። "ታድለሃል አንተ። እንዲህ ያለች እናት ማን አለው?"

"እስቲ አንተ ንገረኝ፣ የቀሚሱ ነገር እውነት ነው?" አለች ሴትየዋ።

እማማ ጨዋታ እፍረቱን ለልጃቸው አፈሩለት። አሁን ይደነግጣል፣ ወሬ ይቀይራል ብለው ጠበቁ። ልጃቸው ግን ሳል አለና ጀመረ። "ያለችኝ ሱሪ አንድ ናት፤ እሷም ታጥባ አልደረቀችም..." በእሳቸው ቃል ነበር የሚናገረው። እሳቸው በሚያርፉበት ቦታ አረፈ፤ መምህሩን በእሳቸው ድምፅ ተናገረ፤ "አዎ" የምትለዋን እንደሳቸው አቅጥኖ አላት። ሽልማቱ ጋ ሲደርስ ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ፣ ራሱም ከሁሉም በላይ ሳቀ። እማማ ጨዋታም ከወዲህ ሳቁ አምልጧቸው አፋቸውን በእጃቸው አፈኑ። ጎበዝ ነው፤ ለካ እኔን ወጥቷል፣ አሉ በሆዳቸው። እጃቸው አፋቸው ላይ እንዳለ ነው ነገሩ የገባቸው። ወሬውማ አላሳፈረውም። እንኳን ሊያሳፍረው፣ ይኸው ያስቅበታል። ያሳፈረው ወሬው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

የቱ ይሆን? ጮክ ብዬ መሳቄ ነው? የጎደለው ጥርሴ ነው? ሹራቤ? ሻዩን ድምፅ እያሰማሁ መጠጣቴ? አንድ በአንድ ራሳቸውን ፈተሹ፣ ሁሉም ሊሆን የሚችል መሰላቸው። ይቅርታ የጠየቁትን አስታወሱ። "ምንም አይደል" ያላቸውን አስታወሱ። እጃቸው ተነስቶ የማዳመጫውን ሽቦ ያዘ። በቀጭኑ ሽቦ ጫፍ ላይ ያ ሁሉ ድምፅ ታፍኖ ተቀምጧል፤ ባለሙያው ሳሎኑ ይናወጣል ብሏል። አንዴ ሳብ ቢያደርጉት ይበቃል። እህቱ ቤት ሰንብታለች የተባለች ሴት ከግድግዳው ወዲያ ቴሌቪዥን ከፍታ ትገኛለች። አለቃው ምን ይላሉ? ሚስታቸው ልጃቸውን እንዴት አድርጋ ታየዋለች? ሽቦውን ጠበቅ አደረጉት። ተወጠረ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ሴትዮ ያለ ድምፅ እየሳቀች ኬክ ትቆርሳለች።

ለቀቁት።

ለምን እንደለቀቁት ቢጠየቁ አያውቁትም። ወልዶ አይጣል ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ወዲያ እህቱ ቤት ያለ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ተቀመጡ። ሳላቸው ሲመጣ ትራሱ ውስጥ ሳሉ። ወንበሩ እንዳይንቋቋ አልተንቀሳቀሱም። መጸዳጃ ቤት የግድ የሆነባቸው ያኔ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በሳሎን ነው። እግራቸውን አጥብቀው ገጥመው ጠበቁ። አለቃው ሁለተኛ ሻይ ጠየቁ። የሚስታቸውን ወንድም ሥራ፣ የመኪና ዕቃ መወደድ፣ የሕንጻውን ሊፍት መበላሸት አወሩ። እማማ ጨዋታ ለሁሉም የሚሉት ነበራቸው፤ ሁሉንም ዋጡት። አለቃው ሲሰናበቱ "እናትህን ሰላም በልልኝ፣ እንዳትረሳ" አሉ። "እሺ፣ አደርሳለሁ" አለ ልጃቸው።

በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የእሳቸው በር ተንኳኳ። ልጃቸው ከዚህ ቀደም አንኳኩቶ አያውቅም። የተረፈ ኬክ በሳህን ይዞ ገባ፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ደስ ብሎት ነበር። "እማዬ፣ እንዴት ነው? ይታያል?" አለና ሳህኑን አልጋው ላይ አስቀመጠ። ስክሪኑ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ማዳመጫው ጭናቸው ላይ ነው። ልጃቸው ማዳመጫውን አየ። ወደ እሳቸው ቀና ሊል ሲል ምራታቸው ከሳሎን ብርጭቆ እየሰበሰበች ለራሷ የተናገረችው መጣ። "ተመስገን፣ ሳይታወቅብን አለፈ" አለች፤ ጮክ ሳትል፣ እንደ ትንፋሽ፤ ግን አንዲት ቃል ሳትጎድል ክፍሉ ውስጥ ገባች። ልጃቸው ወደ ኮምፔንሳቶው ዞረ። የሱም ቃል እንዲሁ እንደተሰማ ያኔ ገባው።

እማማ ጨዋታ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። ልጃቸው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ ሳይነካቸው መለሰው። ማዳመጫውን አነሱና እንዳይወድቅ ቀስ አድርገው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

"እህትህ ሰላም ብላሃለች" አሉትና፣ አልፈውት በሳሎኑ በኩል ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ።